ከዛፉ ሥር የሚቆም ሰው

ወንድሜ አግብቶ ድሬዳዋ ሲገባ ካሜራውን ለእኔ ትቶልኝ ሄደ። «እንዳይደብርሽ» አለኝ። እናታችን ካረፈች ገና ዓመት አልሞላትም ነበር። ሰው ሄዶ ዕቃ ይተካል እንዴ ብዬ አንጀቴ አረረ፤ ካሜራውን ግን አልመለስኩለትም።

ያኔ ገርጂ ግማሹ ሜዳ ነበር። አንዲት የሰርቪስ ክፍል ተከራይቼ፣ ቦሌ አንድ ቢሮ ታይፒስት ሆኜ እሠራለሁ። ቀኑን ሙሉ የሰው ደብዳቤ ስጽፍ እውላለሁ፤ ለእኔ የሚጽፍ ግን አልነበረም። የሥራ ቀን እንደምንም ያልፋል። እሑድን ግን እፈራት ነበር። የግቢው ባለቤቶች ምሳ ከበው ሲሳሳቁ በግድግዳው ይሰማኛል።

አንድ እሑድ በቃኝ ብዬ ካሜራውን አንግቼ ወጣሁ። በሚኒባስ ሲኤምሲ ድረስ ሄጄ፣ ከዚያ በእግሬ ሽቅብ ወደ ባሕር ዛፉ ጫካ። ያገኘሁትን ዛፍ ሁሉ አንስቼ ተመለስኩ። ፊልሙን መገናኛ አካባቢ ካለች ትንሽ ፎቶ ቤት ሰጠሁ። ቅዳሜ ስመለስ ባለቤቱ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሚሰቅሉ ሽማግሌ፣ አራት ፎቶ ብቻ ያለበት ፖስታ ዘረጉልኝ። አራቱም ፊልሙ መጀመሪያ ላይ የነበሩ የወንድሜ ሠርግ ፎቶዎች ናቸው።

«ሌላውስ ጋሼ?»

«ሌላው ሰው የለበትም እኮ ልጄ። ሳታውቂው የነካሽው መስሎኝ ወረቀት ለምን ላባክን ብዬ ተውኩት።»

«ዛፉን ነው ያነሳሁት!» ጮህኩባቸው መሰለኝ።

«ዛፍ!» ብለው ሳቁ። «ዛፍ የት ይሄድብሻል? ቆሞ አይደል የሚኖረው!» ሳቃቸው ሲያልቅ ግን ፊልሙን አንስተው ወደ አምፖሉ ዘረጉትና አንድ በአንድ ያዩልኝ ጀመር። «ሁሉን ላስገባ ካልሽ ምንም አላነሳሽም። አንዱን ምረጪ። ደግሞ መሀል ላይ አትገትሪው፣ ወደ ዳር አድርጊው። ከፊቱ ቅጠል ቢጤ ይኑር። ቀትር ላይ አትሂጂ፤ ጠዋት፣ ፀሐይዋ በጎን ስትገባ ነው ጫካ የሚያምረው።»

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እዚያ ነኝ። ለዛፍ ፍቅር ብቻ መስሏችሁ እንዳትሸወዱ። «ይህን አምጪ፣ ያንን ጻፊ» ከሚሉኝ የቢሮ አለቆች ሌላ፣ ከሳምንት ሳምንት የሚያናግረኝ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ፊልሙ ለቅዳሜ እንዲደርስልኝ የአከራዮቼን ድመት ሳይቀር እያነሳሁ እጨርሰዋለሁ። እሳቸው ሲያርሙኝ፣ «እዚህች ጋ ምን ነክቶሽ ነው?» ሲሉኝ፣ ደስ ይለኛል። የሚቆጣኝ ሰው ናፍቆኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ፎቶውን አርቀውም አቅርበውም አዩትና «አሁን ገባሽ» አሉኝ። «ግን ዛፉ ስንት ክንድ እንደሆነ በምን ይታወቃል? ባሕር ዛፍ ይሁን የጎመን አገዳ? ሰው አቁሚበት። ከሥሩ አንድ ሰው ብቻ።»

«እሺ» አልኳቸው። ምን ችግር አለው!

ቢሮ አብራኝ የምትሠራውን ልጅ ጠየቅኳት። «በእሑድ ጠዋት ጫካ? ጤነኛ ነሽ?» አለችኝ። የአከራዮቼ ልጅ ለቤተ ክርስቲያን ለባብሳ ስትወጣ በር ላይ ጠበቅኳት፤ ሌላ ጊዜ አለችኝ። ከዚያ ማንን ልጥራ? ክፍሌ ገብቼ አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩና ስም ፈለግኩ። በዚህ ሁሉ ከተማ ዛፍ ሥር ለአንድ ደቂቃ የሚቆምልኝ ሰው አጣሁ። አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል።

ብቻዬን ሄድኩ። ካሜራው ራሱ የሚያነሳበት ቁልፍ አለው፤ ነክተሽው እስኪያነሳ አሥር ሰከንድ ይሰጥሻል። ድንጋይ ላይ አስቀምጬ፣ ቁልፉን ነክቼ፣ ሽቅብ ሩጫ! አንዴ ቀሚሴ ጠልፎ ጣለኝ። አንዴ ዛፉ ጋ ሳልደርስ ቀጭ አለ። ፊልሙ እስኪያልቅ ስሮጥ አረፈድኩ።

ቅዳሜ ሽማግሌው አንዷን ፎቶ ለይተው ጠበቁኝ። ጀርባዬ ነው የሚታየው፤ ቀሚሴን በእጄ ሰብስቤ ወደ ዛፉ እየሮጥኩ። ዛፉ ዳር ላይ፣ ቅጠሉ ከፊት፣ የጠዋቷ ፀሐይ በጎን።

«ፎቶ ማለት ይኼ ነው!» ብለው ጠረጴዛውን መቱ። «ወደ ማን ነው እንዲህ የምትሮጪው ያሰኛል። ማን አነሳሽ?»

«ማንም» ማለት አቃተኝ።

«ወንድሜ» አልኳቸው።

«እጁ ይባረክ! በይ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይዘሽው ነይ። ሻይ እጋብዛችኋለሁ።»

«እሺ ጋሼ፣ ደስ ይለዋል።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ አልሄድኩም። ከዚያ በሚቀጥለውም። ሄጄ «ዋሽቻለሁ፣ ማንም የለኝም» ብላቸው ምን ነበረበት? ስቀው ሻዩን ለሁለታችን ያዝዙ ነበር። አፈርኩ፣ በቃ። ከወራት በኋላ በታክሲ መገናኛን ሳልፍ በራቸው ላይ ቆመው መንገደኛውን ሲያዩ አየኋቸው። ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር እንደሚያስር ሰው ሆንኩ። ጫማዬ ክር አልነበረውም።