በርሜሉ ጽዋውን ተከትሎ

የኔነሽ ላቀው ወደ ወገዳ ስትመጣ ይዛ የመጣችው አንድ ሻንጣ፣ አንድ ቅል ማርና ቁመቷን ነበር። ከጓሮዬ ያለችውን ክፍል ተከራየች። በሩ አጭር ስለሆነ ጎንበስ ካላለች ግንባሯን ይመታታል። ቤቱን ከለመደችው በኋላም አንዳንድ ጠዋት «ጓ» የሚል ድምፅ እሰማና ሥራ ልትሄድ መነሣቷን አውቃለሁ።

የእስቴ ልጅ ናት። አባቷ አቶ ላቀው ንብ አርቢ ናቸው። ልጅ ሳለች አንድ ጎረቤት ባቄላውን መድኃኒት ረጨና በማግሥቱ የአባቷ ንቦች ከየቀፎው አፍ ሥር እንደ ኑግ ተዘርግፈው ተገኙ። በሰፌድ የለቀመቻቸው እሷ ናት።

«ንብ የሚቀብር ሰው አይተው ያውቃሉ እትየ?» አለችኝ አንድ ቀን ድንች ስንልጥ። «አባቴ ጉድጓድ ምሰው ቀበሯቸው። እናቴ ሰው እንዳያይባት ውሻውን አሰረች፤ ውሻው ያወራ ይመስል።»

ትምህርቷን ጨርሳ የያዘችው ሥራም ከዚያው የመጣ ይመስለኛል። በወረዳችን የአደገኛ ቆሻሻ ጽዳት የምትመራው እሷ ናት። ከገበያው ጀርባ ከድሮ መንግሥታት የቀረ የግብርና መጋዘን አለ። ጊዜው ያለፈበት የአንበጣና የተምች መርዝ፣ የተቀደደ ከረጢት፣ የሚያንጠባጥብ ቆርቆሮ ሞልቶበታል። ዝናብ ሲመታው የሚወጣው ሽታ ገበያተኛውን አፍንጫ ያስይዛል። እንዲህ ያሉት መጋዘኖች እንዲጸዱ መንግሥት ወሰነ። እንዴት እንደሚጸዱ መመሪያውን አርቅቃ ወገዳ ላይ እንድትሞክረው የታዘዘችው የኔነሽ ናት። እዚህ ከሠራ በጋይንትና በእስቴም በዚያው መንገድ ይሠራል ተባለ።

ሌሎቹ ከመጋዘኑ ይጀመር አሉ። እሷ ግን ከሰው ቤት ይጀመር አለች። ከመጋዘኑ የወጣው ከረጢት እህል ተቋጥሮበታል፤ ቆርቆሮው የጨው መስፈሪያ ሆኗል፤ ጀሪካኑ ውኃ ይቀዳበታል።

«መጋዘን ጠላ አይጠጣም፤ የሚጠጣው ሰው ነው» አለቻቸው።

መመሪያዋ ላይ ሁለት ነገር አስገባች። ዕቃውን ያመጣ ሰው ከየት አገኘኸው ተብሎ አይጠየቅም፣ አይቀጣምም። በምትኩም አዲስ ዕቃ ይሰጠዋል። አለቃዋ አቶ አስማረ በዚህ ሳቁባት።

«ቅጣት የሌለው ሕግ ስኳር የሌለው ሻይ ነው፣ የኔነሽ።»

«እኔ ሻይ ያለ ስኳር ነው የምጠጣው።»

«እንግዲያ ቆሻሻውን የሚጭነው መኪና ከባሕር ዳር እስኪመጣ ሞክሪው። አንድ ዕቃ እንኳ ከቀረ ግን በሚሊሻ እናስለቅማለን። ለሌሎቹ ወረዳዎች የሚላከውም መመሪያ እሱ ይሆናል።»

ሰው እያጉረመረመ አመጣ። ጨው ነጋዴዎች መስፈሪያቸውን በአዲስ ለወጡ፤ ጀሪካኑም ከየቤቱ ወጣ። በመጨረሻ የቀረው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የእኛው የጊዮርጊስ ማኅበር የጠላ በርሜል ነው።

ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ነው። በሆዱ ላይ የነበረው የራስ ቅል ሥዕል በመታጠብ ብዛት ጠፍቶ ሁለት ዓይን ብቻ ቀርቶታል። ከገበያ ገዝታ ያመጣችው የማኅበሩ መሪ የአያ ደምሌ ሚስት፣ ነፍሷን ይማርና ማሚቴ ነበረች። መሪያችንን በማኅበር ወግ ሙሴ እንላቸዋለን። እኔና የኔነሽ ቤታቸው ስንሄድ ለአጨዳ ማጭድ እየሳሉ ነበር።

«በርሜሉ ምን አደረገሽ?» አሏት።

«እኔን ምንም። የነበረበት ግን የአንበጣ መርዝ ነው፣ አያ ደምሌ።»

«እኛ አንበጣ ነን እንዴ? ይኸውልሽ ስንት ዓመት ጠጣንበት፤ ቆመናል። በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። ግራዋ ያላስለቀቀው ምን ነገር አለ? እስቴ ግራዋ አይበቅልም?»

«ይበቅላል። ግራዋ ሽታውን ያስለቅቃል እንጂ ፕላስቲኩ የጠጣውን አያስለቅቅም። ፕላስቲክ እንደ ማኅበርተኛ ነው፤ ቀስ እያለ ይጠጣል፣ ቀስ እያለ ያወጣል።»

አያ ደምሌ ሳቅ ሊያመልጣቸው ሲል ፊታቸው ጠቆረ። ማጭዱን አስቀመጡት።

«ማሚቴ ናት ያመጣችው። ይህን በርሜል ከሰጠሁሽ ነገ ገበያው ምን ይላል? ማኅበሩን መርዝ ያጠጣች ማሚቴ ናት ይላል። እሷ ተነሥታ አትመልስለትም።»

ማጭዳቸውን አንሥተው ይስሉ ጀመር።

በመንገድ ስንመለስ የኔነሽ «እትየ፣ በርሜሉ ሁልጊዜ እሳቸው ቤት ነው የሚቀመጠው?» አለችኝ።

«የለም። ጽዋውን ተከትሎ ይሄዳል። ጽዋ ያነሣ ሰው በርሜሉንም ይወስድና በሚቀጥለው ወር ይደግሳል።»

«ጽዋ ማንሣት የሚችል ማን ነው?»

«ተረኛው ነው። አዲስ ማኅበርተኛ ልሁን ያለ ሰውም በካህኑ ፊት ከለመነ አይከለከልም።» አየኋት። «ጠላ መጥመቅ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያ ጉድሽ ፈላ።»

በጥቅምት ጊዮርጊስ በደጋሹ ቤት ጸሎቱ ደርሶ፣ ቆሎው ተቆርጥሞ፣ ቄስ ወልደ ሩፋኤል ነጭ ጨርቅ የለበሰውን ጽዋ ይዘው ተነሡ። የኔነሽን አስቀድሜ ከበር አጠገብ አስቀምጫት ነበር። የሚጠጣ ሲሰጧት መድኃኒት እወስዳለሁ ብላ ጠላውን አልነካችም። ተረኛው ከመነሣቱ በፊት ብድግ ስትል ራሷን ከወጋግራው አጋጨችና ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ግንባሯን ይዛ ተናገረች።

«አባታችን፣ ጽዋውን እኔ ላንሣ። ግን ሳልደብቅ ልናገር። በርሜሉ ከጽዋው ጋር ቤቴ ይመጣል፤ ከቤቴ የሚሄደው ወደ መኪናው ነው። ይህን የማይፈቅድ ካለ ጽዋውን አልነካም።»

ሳቁ ቆመ። ቄስ ወልደ ሩፋኤል ወደ አያ ደምሌ ዞሩ። «ሙሴያችን ምን ይላሉ?»

አያ ደምሌ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «እኔ የፈራሁትን እሷ ታውቀዋለች።»

«አውቀዋለሁ» አለች የኔነሽ። «መመሪያው ላይ የሰው ስም የለም፣ አያ ደምሌ። የሚለው ከመጋዘን የወጣ ዕቃ ነው። በርሜሉን ንጹሕ ነው ብሎ የሸጠ ነው የሚወቀሰው። እትየ ማሚቴማ ማኅበሩን የሚያጠግብ ዕቃ ፈለጉ፤ ሌላ ምን አደረጉ? እዚህ ከተቀመጠው ሰው በእሳቸው ላይ ክፉ የሚናገር አለ?»

ሰው ሁሉ «ኧረ የለም፣ ማሚቴን» እያለ አጉተመተመ። አንዷ ባልቴት የማሚቴን እጅ መረቀች። አያ ደምሌ ቀና አሉ።

«ስጧት፣ አባታችን። ጠላው የቀጠነ እንደሆነ ግን መመሪያሽን እንሽረዋለን።»

መኪናው በኅዳር መጀመሪያ መጣ። ሠራተኞቹ ነጭ ቱታ ለብሰው፣ ፊታቸውን ሸፍነው ሲወርዱ አያ ደምሌ በከዘራቸው ተደግፈው «ማር ሊቆርጡ ነው?» አሉ። የኔነሽ ጓንት ሰጠቻቸው። የገበሬ እጃቸው ከጓንቱ አልገባ ብሎ ጣቶቻቸውን ብቻ አስገቡ። በዚያው በርሜሉን በአንድ ወገን አንሥተው እስከ መኪናው አደረሱት። ሁለቱ ዓይኖች ወደ እኛ እያዩ ሄዱ። በዚያው ሳምንት መጋዘኑም፣ ሥሩ ያለው አፈርም ተጠርጎ ተጫነ። ሚሊሻ አልተጠራም።

አቶ አስማረ «ይኸው ሻዩን ያለ ስኳር ጠጣሁት» አሉ።

በበርሜሉ ምትክ ምን ይሰጣችሁ ሲባል አያ ደምሌ «ጋን» አሉ። «ከበርሜሉ በፊት በጋን ነበር የምንጠጣው።» የሸክላ ጋን ተገዛ።

ጠላው ግን የእኛ ዕዳ ሆነ። የኔነሽ አሻሮውን አሳረረችና እንደገና ቆላን። ጌሾውን ወቀጠች፤ እጇ ውኃ ቋጠረ። ከተጠነሰሰ በኋላ ደግሞ ከቢሮ በተመለሰች ቁጥር ክዳኑን ትከፍታለች።

«ልጄ፣ ጠላ እንደ መጋዘን አይጎበኝም» አልኳት። እሷ ግን እንደገና ስትከፍት ያዝኳት።

በኅዳር ጊዮርጊስ ማኅበሩ ቤታችን ተሰበሰበ። አቶ አስማረም ተጠርተው መጡ። ችግሩ ጋኑ ነበር። ሥሩ ክብ ስለሆነ በድንጋይ ብናስደግፈውም ይንቀጠቀጣል። በርሜል ከለመድን ወዲህ ጋን በምን እንደሚቀመጥ ረስተነዋል። የኔነሽ እንዳይወድቅባት በሁለት እጇ አቅፋው ቆማ እንግዳ ትቀበላለች።

አያ ደምሌ የመጡት መጨረሻ ላይ ነው። ከጋቢያቸው ሥር አንድ ነገር አወጡ። ከሣር የተጎነጎነ ወፍራም ቀለበት ነው፤ ጋን የሚቀመጥበት ማቶት። ጥላሸት ይዞታል፤ ጉንጉኑ ግን አልላላም።

«ማሚቴ የሠራችው ነው» አሉ። «በርሜሉ ሲመጣ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። እኔም ትላንት ነው ያየሁት፤ ስንት ዓመት ከራሴ በላይ ተሰቅሎ። በሉ፣ አንሡ።»

አራት ወንዶች ጋኑን ሲያነሡ ጠላው ፈሰሰና የአቶ አስማረን ሱሪ አራሰው። የኔነሽ ማቶቱን ከሥር አስገባች። ጋኑ ተቀመጠ፤ ንቅንቅ አላለም።

ቄስ ወልደ ሩፋኤል ባረኩ፤ የመጀመሪያው ለአያ ደምሌ ተቀዳ። ጠጡና ከንፈራቸውን ጠረጉ። የኔነሽ ጠረጴዛ ሥር እንደተደበቀ ሕፃን ነበር የምታያቸው።

«እንዴት ነው፣ አያ ደምሌ?»

«መመሪያሽ ይጽና። ጠላሽን ግን እሷ ታስተምርሽ» ብለው ወደ እኔ ጠቆሙ።

ሲመሽ ጽዋውን ተረኛው አነሣ። ባዶውን ጋን ጎረምሶች ተሸከሙት፤ እኛም እየዘመርን ሸኘን። አቶ አስማረ እርጥብ ሱሪያቸውን እያራገቡ፣ መመሪያው ወደ ጋይንትና ወደ እስቴ እንዳለ እንደሚላክ ለየኔነሽ ይነግሯታል። እሷ በደስታ ቀና ብላ ስትወጣ ከበሩ ጋር «ጓ» አለች። ከፊት ከፊት አያ ደምሌ ማቶቱን ክንዳቸው ላይ አጥልቀው፣ ለማንም ሳያሲዙ ይሄዱ ነበር።