ከሥር ምን ለብሰሃል?

የአዲሱ ገበያው ልብስ ሰፊ ጋሽ ደምሴ አርፈዋል። ቀብራቸው ላይ ያልደረሳችሁ፣ ርቃችሁም ያልሰማችሁ ወዳጆቻቸው፣ መርዶውን እንዲህ በጽሑፍ ስላረዳኋችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። የሳንባ ምች ነው የወሰዳቸው። ሐኪሙ ያለውም፣ ድንኳን ውስጥ የተወራውም ይኸው ነው። ዛሬ አርባቸው ነበር። እኔ በክረምት እሑዶች አብረዋቸው ዓሣ ለማጥመድ ከሚወጡት አንዱ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሰሎሞን ነኝ። ድንኳን ውስጥ ያልተወራ ነገር ስላለ ነው የምጽፈው።

ሱቃቸውን ታስታውሳላችሁ። አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያ፣ በሩ አጠገብ ደግሞ እስከ ጣሪያ የተደረደረ አሮጌ ሹራብ። የልባሽ ጨርቅ ቦንዳ በተፈታ ቁጥር እሳቸው አይጠፉም። ሹራቡን አንስተው ጉንጫቸው ላይ ያደርጉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከተጠራጠሩ አንድ ክር መዘው በክብሪት ይለኩሱታል። «ፀጉር ፀጉር ሸተተ፣ ሱፍ ነው። ይኼኛው ግን ላስቲክ ነው፣ ዝም ብሎ ነው የሚያብረቀርቀው» ይላሉ ጮክ ብለው። ነጋዴዎቹ ታዲያ «ኧረ ጋሽ ደምሴ፣ ገበያችንን አቃጠሉት እኮ!» እያሉ ይጮኹባቸው ነበር።

ያንን ሁሉ ሹራብ ለማን እንደሚሰበስቡ የማያውቅ ካለ ልንገረው። በሐምሌና በነሐሴ ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ከቆላ አገር በሽተኛ ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ነጠላ ብቻ ደርቦ በዝናብ ይቆማል። ጋሽ ደምሴ ቀዳዳውን ደፍነው፣ ቁልፉን ተክለው፣ በፌስታል ይዘውላቸው ይሄዳሉ። አንድ ቀን አብሬያቸው ሄጄ ባሏን ልታስታምም የመጣች ሴት አገኘን። «ውሰጂው እናቴ፣ እኔን ጠበበኝ» አሏት። ሹራቡ ለእሳቸው እስከ ክርናቸው እንኳ አይደርስም ነበር። እሷም ገብቷት ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች።

ወደ ዓሣው ልመለስ። ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ግድብ የምንሄደው በክረምት ነው። «ውኃው ሲሞላ ዓሣው ወደ ዳር ይጠጋል» ይሉን ነበር። ነገር ግን ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት በዚያ ንፋስ መቆም ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ጉዞ ከመጀመራችን በፊት ታክሲ ተራው ላይ ፍተሻ አለ። «እስቲ፣ ከሥር ምን ለብሰሃል?» ብለው ሰው ፊት ቁልፋችንን ይፈታሉ፣ እጅጌያችንን በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርገው ያያሉ። ጋቢ ደርቦ ለመጣ ሰው መልሳቸው አንድ ነው። «ጋቢህን ለቤት ተወው። ከረጠበ አንተ ታሞቀዋለህ እንጂ እሱ አያሞቅህም።» ጓደኛችንን መኮንንን በጥጥ ካልሲ ምክንያት ከሚኒባሱ በር መልሰውታል።

ለእኔ የመረጡልኝ ሹራብ ቡኒ ነበር። ንጹሕ ሱፍ፣ ወፍራም፣ ምንም አይወጣለትም። ችግሩ የሴት መሆኑ ነው። ደረቱ ላይ ቀይ አበባ ተጠልፎበታል። መኮንን ገና ሲያየው «እትዬ ሰሎሞን፣ እንዴት አደሩ?» አለኝ፣ ሚኒባሱ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ደምሴ «ብርዱ ወንድ ነህ ሴት ነህ ብሎ አይጠይቅህም» አሉ። እኔ ግን፣ ሞኙ፣ በሚቀጥለው ጉዞ ሹራቡን ቤት ጥዬ ሦስት የጥጥ ቲሸርት ደራረብኩና ከላይ የሚያብረቀርቅ አዲስ ጃኬት ለበስኩ። ዚፑን እስከ አንገቴ ዘጋሁት።

«ሰሌ፣ ከሥርስ?» አሉኝ።

«ያው የመረጡልኝ ሹራብ ነው» አልኳቸው።

እጃቸው ዚፑ ጋ ደርሶ ነበር። «አንተንስ አምንሃለሁ» ብለው መለሱት።

ከአምስት ሰዓት ጀምሮ ዝናቡ ወረደ። ያ የተመጻደቅኩበት ጃኬት በስፌቱ በኩል ውኃ አስገባ። መጀመሪያ ጥርሴ ተንገጫገጨ፣ ቀጥሎ ጣቶቼ የመንጠቆውን ክር መያዝ አቃታቸው፣ በኋላ እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ። ሌሎቹ ራቅ ብለው ቆመዋል። ጋሽ ደምሴ መጥተው ዚፑን ፈቱት፣ አዩ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ፣ አልተቆጡም። ቲሸርቶቹን አወለቁልኝ፣ የዝናብ ካፖርታቸውን ፈቱና ከሥር የነበረውን ግራጫ የሱፍ ሹራባቸውን አልብሰውኝ ጃኬቱን መልሰው ደረቡልኝ። ለእሳቸው ከካፖርቱ ሥር ስስ ሸሚዝ ብቻ ቀረ።

«እርስዎስ?» አልኳቸው።

«እኔ ወፍራም ነኝ» አሉ። ሰውነታቸው እኮ ከልብስ መስቀያ አይበልጥም! የተኮናተርነው ሚኒባስ እስኪመጣ ሦስት ሰዓት ሙሉ እንደዚያ ቆሙ። ስንመለስ አጠገቤ ተቀምጠው በጆሮዬ «ለመኮንን አልነግርብህም» አሉኝ። ለማንም አልተናገሩም። እኔም ዝም አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ሳል ጀመራቸው፣ በሳምንቱ ሆስፒታል ገቡ። ልጠይቃቸው ስሄድ የኦክስጅን ጭምብል ስለነበረባቸው መናገር አልቻሉም። እጃቸውን ዘርግተው እጅጌዬን በሁለት ጣት ቆንጠጥ አደረጉት። ያን ቀንም ሸሚዝ ብቻ ነበር የለበስኩት። አቀርቅሬ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ በሕይወት አላገኘኋቸውም።

ሹራባቸውን አጥቤ፣ አጣጥፌ፣ ትናንት ለባለቤታቸው ለእትዬ ወርቅነሽ ወሰድኩላቸው። የሆነውንም አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ይረግሙኛል ብዬ ነበር፣ ቢረግሙኝም ይሻለኝ ነበር። ሹራቡን አንስተው ፊታቸው ላይ አደረጉት፣ ረጅም ጊዜ አሸተቱት።

«አጠብከው?» አሉኝ።

«አዎ እትዬ።»

«እኔ እኮ የሱን ጠረን ነበር የምፈልገው» አሉና ሹራቡን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

ጋሽ ደምሴ፣ እርስዎ የጠበቁልኝን ምስጢር ይኸው ለአገር ሁሉ ነገርኩት። መኮንንም ያነበዋል፣ የፈለገውን ይበል። እርስዎ ብቻ ይቅር ይበሉኝ። ሁለት ጊዜ ጠይቀውኝ አንዴ ዋሸሁ፣ አንዴ አቀረቀርኩ። ዛሬ ለአርባዎ ቤተ ክርስቲያን ስመጣ ዝናብ ነበር፣ መቃብርዎ አጠገብ ብዙ ቆምኩ። ሰው ሁሉ እያየኝ ጃኬቴን ከፍቼ ነው የቆምኩት። ቡኒውን ሹራብ ለብሻለሁ ጋሼ፣ አበባ ያለበትን። አልበረደኝም። ደህና ይሁኑ።