የሰቲት ጀልባ ካንዴላዎች

ባለቤቴ የናፍጣ ሰው ነበር። ሁመራ፣ ሰሊጥ እርሻ ላይ፣ ትራክተር ይነዳ ነበር። ደርግ እርሻዎቹን ከወረሰ፣ ጦርነቱም ቆላውን ካዳረሰ በኋላ የሰቲትን ወንዝ ተሻግረን የሱዳኗ ከተማ ወድ ኤል ሒለው ስንገባ ከእጁ ሙያ በቀር የያዘው ነገር አልነበረም። በከተማው ደግሞ እንደ እሱ የተሰደደ ትራክተር ነጂ ሞልቷል። ያገኘው ሥራ ጀልባ ነው። ሐጅ የምንላቸው አንድ ሽማግሌ፣ ሰውና ጆንያ የምታሻግር የብረት ጀልባ ነበረቻቸው። ከኋላዋ የተንጠለጠለው ቀለሙ የተላላጠ፣ ባለሁለት ሲሊንደር አሮጌ የቤንዚን ሞተር ነበር። ባለቤቴ ሞተር ያው ሞተር ነው ብሎ ተረከበው።

ያው አልነበረም። ያደግሁት ጎርጎራ ነው፤ አባቴ ጣና ላይ ጀልባ ይነዳ ነበር፣ ሞተሩንም ራሱ ይጠግናል። ጎንደር ሁለተኛ ደረጃን እስክጨርስ ድረስ ትምህርት ሲዘጋ አጠገቡ ነበርኩ። ወንድ ልጅ ስላልነበረው ካንዴላ ማጽዳትና ማስተካከል የእኔ ሥራ ሆነ። የቤንዚን ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው በካንዴላ ብልጭታ ነው። ናፍጣ ግን ታምቆ በራሱ ሙቀት ይቀጣጠላል፤ ካንዴላ አይፈልግም። ስለዚህ የናፍጣ ሰው ሞተር ሲጠፋበት መጀመሪያ የሚጠረጥረው አየርን ነው። የነዳጁን ቱቦ ይፈታል፣ አየሩን ያስወጣል፣ መልሶ ያጠብቃል። ባለቤቴም ይህንኑ ያደርግ ነበር።

ሱዳኖች ኸሪፍ በሚሉት በክረምቱ መግቢያ፣ ሰቲት ከደጋ በወረደ ጎርፍ ደፍርሶ መሙላት ሲጀምር፣ ሞተሩ መሀል ወንዝ ላይ ጠፋ። በጀልባዋ ላይ ለአረም የሚሄዱ የጎንደር ልጆች ነበሩ። ውሃው ጎትቶ ከመሻገሪያው በታች ካለ ቁጥቋጦ ላይ አስጠጋቸው። የተጎዳ አልነበረም። ባለቤቴ ቱቦውን ፈታ፣ አየሩን አስወጣ፣ ሞተሩም ተነሣ። በዚያው ሳምንት እንደገና ጠፋ። በዚህ ጊዜ ሐጅ ዳር ቆመው ያዩ ነበር።

እቤታችን ድረስ መጡ። በአረብኛ፣ ቀስ ብለው ነው የተናገሩት።

«ልጄ፣ ወንዙ ገና አልሞላም። ሲሞላ ይህ ሞተር ቢጠፋ የሰው ነፍስ በእኔ አንገት ላይ ነው። እስከ መጪው ጁምዓ ካልተስተካከለ ጀልባዋን ከገዳሪፍ ለሚመጣ ሰው እሰጣለሁ።»

ባለቤቴ እሺ ብቻ ነው ያለው። ሌላ ሥራ እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን። በእሱ ሥራ ገብቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ገባሁ።

«ካንዴላዎቹን ፈተህ አይተሃቸዋል?»

«ችግሩ አየር ነው።»

«ይሁን። ግን ፍታቸውና አምጣልኝ።»

አመጣቸው። ሁለቱም ጥቀርሻ ለብሰዋል፣ በዘይት ረጥበዋል። የአንደኛው ነጭ ሸክላ ተሰንጥቋል፤ የሌላው ጫፍ በዕድሜ ብዛት ተበልቶ ብልጭታው የሚዘልበት ክፍተት ሰፍቷል። እንዲህ ዓይነት ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነውና ስንት ዘይት እንደሚጨምር ጠየቅሁት።

«እንደነገሩኝ ነው የምጨምረው። ከዚያ በላይ ትንሽ ጠብ አደርግበታለሁ።»

«ትንሽ ስንት ናት?»

«እንዲጠነክር ብዬ ነዋ። በዘይት የሞተ ሞተር አይቼ አላውቅም።»

«አሁን አየህ» አልኩና ካንዴላውን መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። አገላብጦ አየው። ከዚያ እጁን አሸተተ።

እሱ ጀልባዋን ትቶ መሄድ አይችልም፤ ሞተሩ እስኪሠራ በመቅዘፊያ ያሻግር ነበር። መንገዱ በጭቃ ከመዘጋቱ በፊት አሮጌዎቹን ካንዴላዎች በጨርቅ ጠቅልዬ በሎሪ ገዳሪፍ ሄድኩ። ሱቁ የትራክተርና የመኪና ዕቃ መሸጫ ነው። ነጋዴው ወፍራም፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበር።

«ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ባልሽ የታለ? እሱ መጥቶ ይምረጥ እንጂ።»

«እሱ ጀልባው ላይ ነው። የላከው እኔን ነው።»

አንድ አዲስ የመኪና ካንዴላ አወጣ። አሮጌውን ከጎኑ አቁሜ ለካሁት። የሚጠመዘዘው ጥርሱ ከእኛው በጣም ይረዝማል።

«ይገባል፤ ውፍረቱ አንድ ነው» አለኝ።

«መግባቱንማ ይገባል። ገብቶ ፒስተኑን ይመታል።»

ሳቀና ሁለተኛ አወጣ፤ የውሃ ፓምፕ ካንዴላ ነው። ይህኛው ጥርሱ ልክ ነው። ገልብጬ ውስጡን ስመለከት ግን ሸክላው ረጅምና ቀጭን ነው። እንዲህ ያለው ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም። ቀኑን ሙሉ በዝግታ ለሚሠራ ፓምፕ ጥሩ ነው፤ ጥቀርሻውን እያቃጠለ ራሱን ያጸዳል። ሰው ጭኖ ጎርፍ ሽቅብ ለሚገፋ ሞተር ግን ግሎ ይቀላና ፒስተን ይበሳል። የእኛዎቹን ጠቁረው የተመለከተ ሰው ይህን ሞቃቱን ሊመርጥ ይችል ነበር። የጠቆሩት በትርፍ ዘይት ነው እንጂ ቀዝቅዘው አይደለም። አልወስድም አልኩት።

«እንግዲህ አንቺን ያስደሰተ ካንዴላ ገና አልተሠራም» አለና ወደ ጓሮ ገባ። ቆይቶ በእርጥበት የተበላ አንድ ካርቶን ይዞ ተመለሰ። በውስጡ ከእኛው ጋር ቁጥራቸው አንድ የሆነ ካንዴላዎች ነበሩ። እያንዳንዱን አውጥቼ ሸክላውን በጥፍሬ ዳሰስኩ፤ የማሸጊያ ቀለበቱም እንዳለ አየሁ። ሁለቱን ለሞተሩ፣ አንዱን ለመጠባበቂያ መረጥኩ።

«ይህን ማን አስተማረሽ?»

«አባቴ። ጀልባ ነጂ ነው።»

«ገዳሪፍ ወንዝ የላትም። ለዚያ ነው ሳንተዋወቅ የቀረነው» አለኝ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወንዙ ዳር ካለው ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። አዲስ ካንዴላ ክፍተቱ ተስተካክሎ ይመጣል ብሎ የሚያምን ሰው ብዙ ነው፤ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። መለኪያ አልነበረንም። አባቴ መለኪያው ሲጠፋበት የብረት መጋዝ ስለት ጥርስ በሌለው በኩል ይይዝና አንድ የጢም ምላጭ ይደርብበታል፤ የሁለቱ ውፍረት ለእንዲህ ዓይነት ሞተር ልክ ነው። እኔም እንደዚያው አደረግሁ። የአንዱ ክፍተት ሰፊ ነበር። የውጪውን ብረት ብቻ እንጨት ላይ በቀስታ መታ መታ አድርጌ አጠበብኩት። መካከለኛውን ተደግፎ የሚያጎብጥ ሰው ሸክላውን ይሰነጥቃል። ስለቱና ምላጩ ቅቤ በተቀባ ፀጉር ውስጥ እንደሚያልፍ ማበጠሪያ ያዝ እያደረጉ ሲያልፉ በቃኝ አልኩ። ባለቤቴ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ እጄን ያይ ነበር። ካንዴላዎቹን በእጄ አስገባሁ፣ መጨረሻውን እሱ በመፍቻ አጠበቀ። ዘይቱን ለክቼ ቀላቀልኩት፤ እሱ አንድ ጠብታ አልጨመረም።

በማግስቱ ሐጅ ከሶላት በፊት መጡ፤ ጀልባዋ ላይም ራሳቸው ወጡ። እኔም ወጣሁ። ሴት ሞተር አጠገብ ስትቀመጥ ዳር ላይ የቆሙት ተንሾካሾኩ። ወንዙ በሁለት ቀን ውስጥ ሞልቶ ግንድ ያወርድ ነበር። ሞተሩ ወዲያው ተነሣ። መሀል ስንደርስ ግን አንዴ እንደ ማሳል አለ፣ ሰማያዊ ጭስ ተፋ፣ ድምፁም ዝቅ አለ። ባለቤቴ እጁን ወደ ቱቦው ሰደደ።

«ተወው» አልኩት። «ከታች የቀረው፣ ዘይት የበዛበት የድሮው ቤንዚን ነው። ይጨርሰው።»

እጁን መለሰ። ሐጅ የጀልባዋን ጠርዝ ጨብጠው ወደ እኔ ያዩ ነበር። ሞተሩ ጥቂት ተንፈራገጠና ጭሱ ሳሳ፤ ድምፁ ጠራ፣ አንድ ወጥ ሆነ። ማዶ ደረስን። ሐጅ ተመለስ አሉት፤ ተመለሰ። ሂድ አሉት፤ ሄደ። ሲበቃቸው ካንዴላዎቹ እንዲፈቱ ጠየቁ። ሲበርዱ ፈትቼ አሳየኋቸው። ጫፋቸው የተቆላ ገብስ መስሏል፤ ደረቅ ነው።

«ይህ ምን ማለት ነው?» አሉኝ።

«ደህና ነው ማለት ነው፣ ሐጅ።»

«ተማም፣ ጥሩ ነው» አሉና ከጀልባዋ ወረዱ። ለገዳሪፉ ሰው እንዳይመጣ መልእክት ላኩበት።

ያን ክረምት ሞተሩ ወንዝ ላይ አልጠፋም። ባለቤቴ ካንዴላዎቹን እየፈታ ያመጣልኛል፣ አይቼ እመልስለታለሁ። ወሬው እንደ እኛ ለተሰደዱት የሁመራ ትራክተር ነጂዎች ደርሶ ኖሮ፣ አንድ ቀን ከደጃፋችን ተቀምጠው ባለቤቴን ያዙት።

«ጀልባውን ሚስትህ ናት አሉ የምትነዳው?»

«ናፍጣውን ከድተህ ምላጭ መደራረብ ጀመርክ አሉ።»

ሳቁ። ይቆጣል ብዬ ነበር።

«የምነዳው እኔ ነኝ» አላቸው። «ሞተሩ የሚነሣው ግን በእሷ እጅ ነው። ከእናንተ ውስጥ ካንዴላ መምረጥ የሚችል ካለ ይምጣና ይናገረኝ።»

እኔ ከውስጥ ሆኜ ሰማሁት። መስማቴን አልነገርኩትም።