መስኮት ላይ ያደረው ዘይት

እቴቴ ብለን የምንጠራት የአባቴ ታላቅ እህት በዚህ ዓመት ተለየችን። ነፋስ ስልክ ባለው ቤቷ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሳስባት ቀድሞ የሚመጣብኝ የዘይት ነገር ነው።

የልብ ሕመም ሲገኝባት ሐኪሟ ቅቤና የሚረጋ ዘይት እንድትተው መከራት። ቅቤ ነፍሷ ነበር፤ ቢሆንም ተወችው። ከዚያ ወዲህ ቤት የገባ ዘይት ሁሉ መስኮት ላይ ያድራል፤ ጠዋት ረግቶ ከተገኘ ወጧ ውስጥ አይገባም።

አንድ ቀን ብስራተ ገብርኤል ካለ ሱቅ የኮኮናት ዘይት ገዛሁላት። ሻጩ ለልብ ጥሩ ነው ብሎኛል፤ እኔም ምግቧ እንዲጣፍጣት ጓጉቻለሁ። መርቃኝ ተቀበለችና እንደ ልማዷ መስኮት ላይ አስቀመጠችው። በማግስቱ እንደ ሻማ ነጭ ሆኖ ረግቶ አገኘነው። ቀጠሮዋ ደርሶ ሐኪሙን ስንጠይቀው፣ ይህም እንደ ቅቤው ለእሷ እንደማይሆን ነገረን።

ቤት ስንመለስ ማዘኔን ከፊቴ አየች።

«አይዞሽ የኔ ልጅ» አለችኝ። «ሐኪሙን ማስቀየሜ ካልቀረማ በቅቤ ይሻለኛል።»

ከዚያ በረንዳው ላይ ከፊቷ አስቀመጠችኝና ዘይቱን በመዳፏ እያቀለጠች ፀጉሬን ቀባችኝ። ትልቅ ሴት ሆኜ፣ ጉልበቷ ላይ ተደግፌ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ባለፈው ሳምንት ፀጉር ቤት የምትሠራው ልጅ አናቴን ስታሸኝ እንባዬ መጣ።

«አሳመምኩሽ እንዴ?» አለችኝ።

«አይ» አልኳት፤ «ትንሽ ቆዪበት።»