የበጋው መንገድ

ጉና ላይ ጧት ወጥቶ ማታ መመለስ ለእኛ መዝናኛ አልነበረም። ታላቅ እህቴ በተራራው ጉያ አግብታ ቀረች፤ እኔ ደብረ ታቦር ተቀመጥኩ። እሷን ለማየት እስከ ገሳይ በሚኒባስ ሄጄ፣ ከዚያ ሦስት ሰዓት ያህል በእግሬ እወጣለሁ። አርባ ዓመት እንዲህ ተመላልሻለሁ።

ወደ እሷ የሚወስደው መንገድ ሁለት ነው። ገብስ ታጭዶ ከተነሳ በኋላ ሰው በእህቴ ማሳ መሐል ያቋርጣል። ሰኔ ላይ ሲዘራ ግን ከመግቢያው ላይ የእሾህ ቅርንጫፍ ይጣላል፤ ከዚያ ወዲያ መንገደኛ ሁሉ በላይ በሸንተረሩ ይዞራል። ይህን ማንም ለማንም አይነግርም። እንደ ጾም ነው፤ ሲገባ ይታወቃል።

አንድ ዓመት ጥር ላይ ሁለት ወጣቶች ቤቴ መጡ። ለከተማ ሰውና ለእንግዳ የሚሆን የአንድ ቀን የእግር ጉዞ መንገድ እያጠኑ ነበር።

«እማማ፣ የድሮውን መንገድ ከአንቱ በላይ የሚያውቅ የለም ብለውን ነው» አሉኝ።

ደስ አለኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ምንም የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አብሬያቸው ወጣሁ። የታጨደውን ማሳ አቋረጥን፤ እነሱም በየድንጋዩ ላይ ቢጫ ቀለም ቀቡ።

«ሁልጊዜ የሚኬደው በዚህ ነው?» አለኝ አንዱ።

«በዚህ ነው» አልኩት።

ክረምቱ ትዝ ሳይለኝ ቀርቶ ነው እያልኩ ለራሴ ስነግረው ኖሬያለሁ። ትዝ ብሎኝ ነበር። ሸንተረሩን ላሳያቸው ብል ገና ብዙ ዳገት ነበረብኝ፤ ጉልበቴ ደክሟል፤ ደከመኝ ለማለት ደግሞ አፈርኩ።

መስከረም ላይ ተጓዦቹ ቅዳሜ ቅዳሜ አሥርም አሥራ አምስትም እየሆኑ መምጣት ጀመሩ። እሾሁን ወደ ዳር አንስተው ቀለሙን ተከተሉ። ያሸተው ገብስ ተረጋግጦ ተኛ። እህቴ ባሏ ሞቶ፣ ልጆቿ ርቀው ብቻዋን ነበረች፤ የዓመት ቀለቧ ያ ማሳ ነው። ወጥታ ብትጮህ «እናታችን፣ ቀለም አለው እኮ» ብለው ድንጋዩን አሳዩዋት።

እኔ ይህን ሳልሰማ ጥቅምት ላይ ሄድኩ። ከማሳው ዳር ቆማ አገኘኋት።

«እንኳን መጣሽ» አለች። «ዛሬ በቀለሙ ነው በሸንተረሩ?»

«እትዬ፣ ልጆቹ አላወቁም።»

«እነሱማ ከየት ያውቃሉ። ቀለሙን ያስቀባሽው አንቺ ነሽ አሉ።»

አጎንብሼ የተኛውን ገብስ ላቃና ሞከርኩ።

«አርባ ዓመት በሸንተረሩ እየዞርሽ የመጣሽው ለጤናሽ ኖሯል?» አለች።

ገብስ ገዝቼ በአህያ ላኩላት። ከነጆንያው መለሰችው።

አሁን ጊዜው ከፍቶ ወደዚያ የሚወጣ ተጓዥ የለም። ቀለሙ ግን አለቀቀም። ባለፈው በጋ ቢላ ይዤ ሄድኩና ተንበርክኬ መፋቅ ጀመርኩ። እህቴ ከደጃፏ ሆና አየችኝ።

«ተይው» አለች። «ሰው በሌለበት ለማን ትፍቂያለሽ?»

«ለአንቺ ነው።»

«የእኔማ ተበልቷል።»

ግቢ አላለችኝም። ሁለተኛውን ድንጋይ ሳልጨርስ በሩ ተዘጋ። ሚኒባሱ እንዳያመልጠኝ ተነስቼ ወረድኩ።