የእማማ ዘሀራ ሁለት ጉርሻ

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት፣ እሁድ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ነው። የማልረሳው እምቢ ማለት አፍሬ ሕይወቴን ላጣ የደረስኩ ስለመሰለኝ ነው።

አዲስ አበባ ሄጄ ውፍረት ለመቀነስ ጨጓራዬን በቀዶ ሕክምና ካስቀነስኩ አሥራ አንደኛ ቀኔ ነበር። የተቆረጠው የጨጓራዬ ጠርዝ ከላይ እስከ ታች በጥቃቅን ብረቶች ተያይዟል። ሐኪሙ፣ "የተያያዘው መስመር እስኪድን ፈሳሽ ብቻ" ብሎኛል። መስመሩ ከተከፈተ ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠንና የግራ ትከሻ ሕመም ይመጣል፤ ያኔ ጊዜ አይሰጥም።

ሐረር ስመለስ ግን ለሰው ሁሉ "ጨጓራዬን አሞኝ ነው" አልኩ። ወፍራም መባል ያሳፍረኝ ነበር፤ ለመክሳት ብላ ተቀደደች መባል ደግሞ ባሰብኝ።

በዚያ እሁድ ጎረቤታችን እማማ ዘሀራ ሊጠይቁኝ መጡ። ልጅ ሳለሁ ከትምህርት ቤት ስመለስ የሚያበሉኝ እሳቸው ነበሩ። ትኩስ ሳምቡሳ ይዘው አጠገቤ ተቀመጡ።

"በሽተኛ በገዛ እጁ አይበላም" ብለው ቆርሰው ወደ አፌ አስጠጉ። "ቢስሚላሁን እኔ ብዬልሻለሁ፤ አንቺ ዋጪ ብቻ።"

እጃቸው አፌ ላይ ደርሶ እምቢ ማለት አቃተኝ። ዋጥኩ። ደገሙኝ። ያንንም ዋጥኩ።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ደረቴ ሥር ተወጠረ። ቀጥሎ ግራ ትከሻዬን ወጋኝ። የልብ ምቴን በእጄ ይዤ ስቆጥር ከፍጥነቱ የተነሳ ቁጥሩ ጠፋብኝ። እማማ ዘሀራ ላቤን አይተው ሳህኑን አስቀመጡ።

"ምንድን ነው የደበቅሽኝ?"

ሁሉንም ነገርኳቸው።

"ሆድሽን ተቆርጠሽ ነው የእኔን ሳምቡሳ የምትውጪው?"

"እጅዎን መመለስ አፈርኩ።"

"እጄን ብትመልሺው ሳህኑ ላይ ያርፋል። አንቺ ብትሄጂብኝ የት አገኝሻለሁ?"

እስከ ግንቡ መውጫ፣ ሸዋ በር ድረስ ደግፈው አወጡኝ፤ በባጃጅ ሆስፒታል ሄድን። በራጅ የሚታይ ፈሳሽ አጠጥተው ራጅ አነሱኝ። ሐኪሟ ምስሉን ደጋግማ አየችና፣ "መስመሩ አልተከፈተም። ጨጓራሽ ምግቡን አልቻለውም፤ የወጠረሽ እሱ ነው" አለችኝ። "የሚያጎርሱሽን ሰዎች እምቢ በያቸው።"

"እሷ አትችልም" አሉ እማማ ዘሀራ። "እኔ እልላታለሁ።"

ዛሬ ድኛለሁ። እነዚያን ሁለት ጉርሻዎች ሳስብ አሁንም እፈራለሁ፤ ሆስፒታሉ አግዳሚ ላይ እጄን የያዘው እጃቸው ትዝ ሲለኝ ግን እንባዬ ይመጣል።

ያኔ ከሆስፒታል በተመለስን ማግስት ጠዋት ባዶ ኩባያ ይዤ በራቸውን አንኳኳሁ። "እማማ፣ የተጣራ ሾርባ ይሰጡኛል?" አልኳቸው። "ሁለት ማንኪያ ብቻ ነው የምችለው።"