የማርቆስ ፈተና

ልጅ እያለሁ ከቤታችን ጓሮ ቆሞ ወደ ጀሞ የተመለከተ ሰው የሚያየው የጤፍና የሽምብራ ማሳ፣ ከማሳው ማዶ ደግሞ ጭጋግ የለበሰ ተራራ ነበር። ቤታችን መካኒሳ፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። ነፋሱ ወደ እኛ ሲዞር ከአረቄ ፋብሪካው የሚመጣው የሞላሰስ ሽታ ከእርጥብ አፈር ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ግቢያችንን ይሞላዋል። ያን የመሰለ ሽታ ዛሬም ድንገት ሲያጋጥመኝ መሬቱን በእንጨት ጭረን ሰኞ ማክሰኞ የምንዘልበት ደጅ፣ ቆርቆሮ ላይ የሚንጣጣው የክረምት ዝናብ፣ ጭቃ የያዘው የትምህርት ቤት ጫማዬ ሁሉ ፊቴ ላይ ድቅን ይላሉ። ከሁሉም በፊት ግን ትዝ የሚለኝ ታላቅ ወንድሜ ማርቆስ ነው።

አባቴ ሄራሞ በወጣትነቱ ከከምባታ መጥቶ መንገድ ዳር ጎሚስታ ሆኖ ይሠራ ነበር። እጁ ቢታጠብም ባይታጠብም ጎማና ማስቲሽ ይሸታል። እናቴ አስቴር ሹራብ እየሠራች ትሸጣለች። የሰፈሩ ሰው "ጴንጤዎቹ" ይለን ነበር። ዘመኑ የደርግ ነውና ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ቆይቷል። ስለዚህ እሁድ ከሰዓት በኋላ ጥቂት ሰዎች እንግዳ ጠያቂ እየመሰሉ አንድ በአንድ ቤታችን ይገባሉ። መጋረጃው ይዘጋል፤ እኛ ልጆች ደጅ ወጥተን ጮክ ብለን እንድንጫወት እንታዘዛለን፤ ውስጥ በሹክሹክታ ይዘመራል። ሰው በሹክሹክታ ሲዘምር ሰምታችሁ ታውቁ እንደሆን አላውቅም። ቀፎ ላይ ጆሮ የመለጠፍ ያህል ነው።

ከአጥራችን ማዶ ጋሽ ግርማ ይኖሩ ነበር። የቀበሌያችን ካድሬ ናቸው። ካኪያቸውን ለብሰው ሲወጡ መንገድ ላይ የቆመ ሁሉ ወሬውን ያቋርጣል። በአንድ ቆርቆሮ የተለየን ጎረቤቶች ስለነበርን የእሁዱን ነገር ሳያውቁ አይቀሩም፤ ግን አንድም ቀን አሳልፈው አልሰጡንም። ሚስታቸው ሞተውባቸው ሰለሞን የሚባል አንድ ልጅ ብቻቸውን ያሳድጉ ነበር። ሰለሞንና ማርቆስ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው፣ አንድ መጽሐፍ ለሁለት እያነበቡ ያደጉ ጓደኛሞች ናቸው።

ሁለቱ አሥራ ሁለተኛን ጨርሰው የማትሪክ ውጤት የመጣ ክረምት ሰፈራችን ውስጥ ሠርግ ያለ ይመስል ነበር። በትምህርት ቤቱ ከላይ ከወጡት መሀል ሁለቱም ነበሩበት። ሶቪየት ኅብረት ሄደው እንዲማሩም ተመረጡ፤ የቀራቸው ቃለ መጠይቅ ብቻ ሆነ። የሰፈሩ ልጆች ማርቆስን "ሞስኮ" ይሉት ጀመር። አባቴ ጎማ ሊያስለጥፍ ለመጣ ሹፌር ሁሉ ሳይጠየቅ ያወራል። እናቴ የዚያ አገር ብርድ አጥንት ይሰብራል ሲባል ሰምታ የራሷን ወፍራም የአንገት ልብስ ተረተረችና በክሩ ለማርቆስ ሹራብ ጀመረችለት። ለእኔ ደግሞ ዓይኗ የሚከደንና የሚገለጥ አሻንጉሊት ቃል ተገብቶልኛል። እሁድ በጸሎት ሰዓት እናቴ "ይህን በር የከፈትክልን" እያለች ስታመሰግን በመስኮቱ ሥር ሳልፍ ይሰማኝ ነበር።

አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ጋሽ ግርማ በበር በኩል መጡ። በአጥር ላይ ማውራት የለመዱ ሰው በበር ሲመጡ እናቴ ደንግጣ ወንበር አቀረበች። እሳቸው ግን ቆመው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለአባቴ ነገሩት።

"ሄራሞ፣ ይሄ ነገር ከዚህ ቤት እንዳይወጣ። ቃለ መጠይቁ ላይ በመጨረሻ 'በእግዚአብሔር ታምናለህ ወይ?' ይሉታል። አላምንም ይበል። አንድ ቃል ናት።"

ጋሽ ግርማ ወደ ማርቆስ ዞሩ። "ልጄ፣ እኔስ ገብርኤልን የተውኩት ይመስልሃል? እዚህ ነው ያለው" አሉና ደረታቸውን ነኩ። "አፍ ሌላ፣ ልብ ሌላ ነው። ለሰለሞንም የነገርኩት ይህንኑ ነው።" ከዚያ ማንም ሳያያቸው ቶሎ ወጡ። ለእኛ ብለው የራሳቸውን እንጀራ አደጋ ላይ ጥለው እንደመጡ አሁን ይገባኛል። ነገሩን ከባድ ያደረገውም እሱ ነው፤ ምክሩ የመጣው ከሚወደን ሰው ነበር።

ያን ሰሞንም እናቴ ሹራቡን አላቋረጠችም። አንድ ማታ እራት ላይ ግን ዓይኗን ከሳህኑ ሳታነሳ፣ "እግዚአብሔር ልብን አይደል የሚያየው? ቤታችንንም ያያል። ልጄ ቢማር ይጠላል?" አለች። አባቴን አልነበረም የምትጠይቀው፤ ማንን እንደሆነ እንጃ። በቤታችን በእምነት እሷን የሚያህል አልነበረምና ሁላችንም ጭንቅ አለን። እኔም በበኩሌ ብርድ ልብሴ ውስጥ ሆኜ፣ ማርቆስ አላምንም ይበልና አንተ ወዲያው ይቅር በለው እያልኩ ጸለይኩ። ያስጸለየችኝ አሻንጉሊቷ ናት።

በማግስቱ ከማርቆስ ጋር ለአባቴ ምሳ ይዘንለት ሄድን። ዝናቡ ለጊዜው አባርቶ ነበር። አባቴ በርጩማው ላይ ተቀምጦ የጎማ ከመነዳሪ ውሃ ውስጥ እየነከረ ቀዳዳውን ይፈልጋል። ማርቆስ አጠገቡ ቁጢጥ አለ።

"አባባ፣ አንተ ምን ትላለህ?"

"መሄድ ትፈልጋለህ?"

"በጣም።"

"እኔም እንድትሄድ በጣም እፈልጋለሁ" አለ አባቴ። ከመነዳሪውን አስቀምጦ እጁን በሱሪው ጠረገ። "ሂድም ቅርም አልልህም፤ የማውቀውን ልንገርህ። ከአንተ በፊት የነበረችውን እህትህን የቀበርኩ ጊዜ እግዚአብሔር ጥሩ ነበር። ያኔ አልታየኝም፣ ግን ነበር። አንተ ስትወለድ እኔ በደስታ ልሞት ነበር፤ እሱ ያው ነበር። ብትሄድ እዚያ ያው ነው። ብትቀር እዚህ ያው ነው። ብትዋሽም አውጥቶ አይጥልህም። ስለዚህ ፈርተህ አትመልስላቸው። እኔንም ፈርተህ፣ እነሱንም ፈርተህ፣ ድህነትንም ፈርተህ አትመልስ።"

ማርቆስ መሬቱን በጣቱ እየጫረ ቆየና፣ "ስኮላርሺፑን የሰጠኝ እሱ ነው እያልን ነው የከረምነው" አለ። "የሰጠኝ እሱ ከሆነ፣ አላውቀውም ብዬ ከእጁ እንዴት እቀበላለሁ?"

አባቴ ምሳውን ከፍቶ ሦስታችንም እንድንበላ ጠጋ ጠጋ በሉ አለን። የሽሮው ሽታና የማስቲሹ ሽታ አንድ ላይ ሆኖ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ።

የቃለ መጠይቁ ዕለት ሁለቱ ጓደኛሞች ጫማቸውን ወልውለው አንድ ላይ አውቶቡስ ተሳፈሩ። ሲመለሱ ግን ለየብቻ ነበሩ። መጀመሪያ የመጣው ሰለሞን ነው፤ ደጃችን ላይ ቆሜ "ማርቆስስ?" ብዬ ብጠይቀው አንገቱን ደፍቶ "ይመጣል" ብቻ ብሎኝ ወደ ቤቱ ገባ። ማርቆስ ብዙ ቆይቶ በእግሩ፣ በዝናብ ርሶ መጣ። አባቴ ሥራውን ትቶ ቀድሞት ገብቷል። እናቴ ሹራቡ ጉልበቷ ላይ እንዳለ ቀና ብላ አየችው። ማርቆስ ራሱ ጀመረ።

"ኬሚስትሪ ጠየቁኝ፣ ስለ አገር ጠየቁኝ፣ ሁሉንም መለስኩ። በመጨረሻ ያን ጠየቁኝ። አምናለሁ አልኩ። የሚጠይቀኝ ሰውዬ ክፉ ሰው አይደለም። ብዕሩን አስቀመጠና 'ጥያቄው ገብቶሃል?' አለኝ። ገብቶኛል አልኩት። 'ጎበዝ ልጅ ነህ፤ አስብበትና እንደገና መልስልኝ' አለኝ። የከበደኝ ያኔ ነው።"

"እንደገና ምን አልከው?" አለች እናቴ።

"አምናለሁ አልኩት። ደግሞም ጥሩ አምላክ ነው አልኩት፤ ማንም ሳይጠይቀኝ።"

እናቴ አለቀሰች። እኔም አሻንጉሊቴን አስቤ አለቀስኩ። ከዚያ እናቴ ተነሳች፤ የራሰ ኮቱን አወለቀችለትና ጭንቅላቱን በፎጣ እያደረቀች መዘመር ጀመረች። በሹክሹክታ አይደለም፤ ጸሎት ቤታችን ክፍት በነበረበት ዘመን ትዘምርበት በነበረው ሙሉ ድምፅዋ ነው። መጋረጃው አልተዘጋም፣ በሩም ገርበብ ያለ ነበር። አባቴ ሊያስቆማት እጁን አነሳና መልሶ አወረደው።

ወዲያው ከአጥሩ ማዶ የጋሽ ግርማ ድምፅ ተሰማ። "አስቴር፣ ድምፅሽን ቀነስ አድርጊው። ጎረቤትሽ እኔ ብቻ አይደለሁም።"

እናቴ ወደ አጥሩ ወጣች፤ እኔም ቀሚሷን ይዤ ተከተልኩ።

"ልጁ ምን አላቸው?" አሉ።

"አምናለሁ አላቸው።"

"የእኔው ልጅ ግን 'የለም' ብሏል" አሉ ጋሽ ግርማ። "ያስባልኩት እኔ ነኝ።"

"ሰለሞንም የእግዚአብሔር ልጅ ነው፣ ጋሽ ግርማ" አለች እናቴ። "እዚያም ይጠብቀዋል።"

ከዚያ ቀን በኋላም ሹራቡን መሥራቷን አላቆመችም። ለማርቆስ ለአገራችን ብርድም ይሆነዋል ብላ ይሆናል ብዬ ነበር። ሰለሞን የሚሄድበት ቀን ሲደርስ ግን አጣጥፋ ይዛው በበር በኩል ሄደችና ለሰለሞን ሰጠችው። "እዚያ ብርዱ ከባድ ነው አሉ" ከማለት በቀር ምንም አልጨመረችም። ሰለሞን ሹራቡን አቅፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ያን ያየ ማርቆስ ሻንጣውን ከእጁ ተቀብሎ እስከ መኪናው ድረስ ተሸከመለት።

እንዲህ ያለ ታሪክ የሚያወራ ሰው መጨረሻውን ማሳመር ይወዳል። የእኛ እንደዚያ አልሆነም። ለማርቆስ ወዲያው የተከፈተ ሌላ በር አልነበረም። የዩኒቨርሲቲው ጥሪም ሳይመጣለት ቀረ፤ ለምን እንደሆነ የነገረን የለም። በኋላም ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደና ወባ ይዞ፣ ከስቶና ጠቁሮ ተመለሰ። ከአባቴ ጋር ጎማ ሲለጥፍ ቆይቶ ነው በስተኋላ መምህርነት የተማረው፤ እስከ ጡረታው ድረስ ኬሚስትሪ አስተማረ። ሰለሞን መሐንዲስ ሆኖ መጣ፤ ትዳር ይዞ በሰላም ይኖራል። ለአንድ ቃሉ የተቀጣበትን ቀን አላየንም፤ እንዲቀጣ የጠበቀም ከቤታችን አልነበረም። ደርግ ወድቆ ጋሽ ግርማ ቤታቸውን ዘግተው የተቀመጡ ጊዜ፣ ሰላምታ ሲያበዛላቸው የኖረው ሁሉ ሲርቃቸው፣ አባቴ ከሥራ ሲወጣ እጁን እንኳ ሳይታጠብ እሳቸው ዘንድ ገብቶ ይቀመጥ ነበር። ምን እንደሚያወሩ አላውቅም። ሁለቱም ዛሬ የሉም፤ እናቴም የለችም።

ባለፈው ክረምት ጀሞ ኮንዶሚኒየም ማርቆስ ቤት ሄጄ ሻይ እየጠጣን፣ በልጅነቴ ፈርቼ ያልጠየቅሁትን ጠየቅሁት። "ቆጭቶህ አያውቅም?"

"ቆጭቶኝ ያውቃል እንጂ" አለኝ እየሳቀ። "በረሃ ውስጥ ወባ ሲያንቀጠቅጠኝ፣ ሰለሞን አሁን የእማዬን ሹራብ ለብሶ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው እያልኩ አዝኛለሁ። በሰው አዝኛለሁ፣ በዘመኑ አዝኛለሁ። እግዚአብሔር በደለኝ ብዬ ግን አላውቅም፤ አልበደለኝማ።" ይህን ያለው ስኳር አቀብይኝ በሚልበት ድምፅ ነው። ከዚያ ስለ ጉልበቱ ሕመም ማውራት ቀጠለ።

ያኔ ጥያቄው ግልጽ ነበር፤ ሰው ጠረጴዛ አቅርቦ ፊት ለፊት ይጠይቅሃል፣ አንተም ታምናለህ ወይም አታምንም። ዛሬ ልጆቼን እንደዚያ ብሎ የሚጠይቃቸው የለም። ፈተናው በሥራ ዕድገት፣ በጥድፊያ፣ "ሁሉም የሚያደርገው ነው" በሚል ለስላሳ ቃል ተጠቅልሎ ይመጣባቸዋል፤ እነሱም ደክሟቸውና ተጨንቀው ቤት ሲገቡ አያቸዋለሁ። እናት ነኝና አዝንላቸዋለሁ፤ አልፈራላቸውም ግን። ብዙ መናገርም አልወድም። ጀሞ ያለው አጎታችሁ ዘንድ ሄዳችሁ ሻይ ጠጡ እላቸዋለሁ።